ጥላ የበላው ፊት

ስለ ፎቶግራፍ አነሣስና ስለ ፎቶ ሥራ ሂሳብ፤ ከፎቶግራፍ ክበብ የቀረበ ትምህርት

ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ የተለጠፉትን ሁለት ፎቶግራፎች ንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ሰውየው አንድ ነው፤ የክበባችን አባል ነው። ልብሱም፣ የቆመበት ቦታም፣ የተነሣበት መሣሪያም አንድ ነው። የላይኛው ልክ በ6 ሰዓት፣ የታችኛው በዚያው ዕለት ከቀኑ በ10 ሰዓት ተኩል ተነሣ። የላይኛውን ያዩ ሁለት መምህራን «ይሄ ልጅ ታሞ ነበር እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል። አልታመመም። ዓይኑ ጥላ ውስጥ ስለገባ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ትምህርት ለማቅረብ የተነሣነው ሁሉን ስላወቅን አይደለም። ባለፈው ዓመት የምረቃ ዕለት ስላፈርን ነው። ነባር ሰልጣኞች እንደምታስታውሱት ክበባችን የምረቃ ፎቶግራፍ በተመጣጣኝ ዋጋ እናነሣለን የሚል ማስታወቂያ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ ከ60 የማያንሱ ተመራቂዎች ቀብድ ከፍለውን ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ያለቀው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁሉም ሕንፃው ከበስተኋላው እንዲታይለት ስለፈለገ፣ ነጭ ቀለም ከተቀባው የአስተዳደር ሕንፃ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አሰለፍናቸው። ጥቁር ካባ፣ ጠርዙ ወደ ፊት የወጣ ቆብ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከኋላ ነጭ ግድግዳ፣ ከላይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ። በመሣሪያው ትንሽ መስታወት ላይ ስናየው ደስ ይል ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን ግማሹ ፊት የለውም።

ከተመራቂዎቹ አንዱ እናቱ ከሩቅ ገጠር ሁለት ቀን ተጉዘው ነበር የመጡት። ፎቶግራፉን ሰጠነው። ብዙ አየው። ከዚያ «ነጠላዋ የእናቴ ናት፤ ፊቷ ግን የታለ?» አለን። በኮምፒዩተር ልናበራው ሞከርን፤ ፊታቸው አመድ መሰለ፣ እንደ አሸዋ ተቆራረጠ። ገንዘቡን እንመልስልህ ስንለው «ገንዘቡን ተዉት፤ እሱኑ ስጡኝ» ብሎ ይዞት ሄደ። እናትየው በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ስለነበር ደግመን ልናነሣቸው አልቻልንም።

እንግዲህ ያን ቀን ሁለት ነገር አጥፍተናል። አንደኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው በኋላ ሂሳብ ስንተሳሰብ የታወቀን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በየተራ እናያቸዋለን።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በብርሃን መጻፍ እንደማለት ነው። የፈረንሳዊው የሉዊ ዳጌር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1839 ለሕዝብ ከተገለጸ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ብር ከተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ፊልም፣ ከፊልም ዛሬ በየኪሳችን ወዳለው ስልክ ደርሷል። ብርሃኑ ግን ያው ነው። ስለሆነም «የኔ ስልክ ርካሽ ነው» እያለ ከክበባችን የሚሸሽ ሰልጣኝ ምክንያቱ ምክንያት አይሆንለትም። ርካሽ ስልክ በጥሩ ብርሃን የሚያወጣውን ፊት፣ ውድ ካሜራ በመጥፎ ብርሃን አያወጣውም።

ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ አንሣ የሚል የቆየ ምክር አለ። ይህ ምክር ፀሐይ ዝቅ ብላ ለምትዞርበት አገር ይስማማል። አገራችን ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የምትገኝ ስለሆነ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። በቀረውም ጊዜ ቢሆን የቀትር ፀሐይ ከፍ ያለች ናት። ታዲያ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከጀርባም ከፊትም የለችም። ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፤ ዓይን ከቅንድብ በታች ይጠፋል፤ ከአፍንጫ ሥር ጢም የመሰለ ጥላ ይወርዳል። የምረቃው ቆብ ሲጨመርበት ደግሞ ጥላው እስከ ከንፈር ይደርሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰዓት መምረጥ የሚቻል ከሆነ ከጠዋቱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ጊዜ ነው። ነገር ግን ሠርግም ሆነ ምረቃ የእኛን ሰዓት አይጠብቅም። በቀትር የግድ ካነሣን ሰውየውን ወደ ጥላ እናስገባው። ጥላ ስንል የትኛውም ጥላ ማለታችን አይደለም። ቅጠሉ የሳሳ ዛፍ ሥር ብርሃኑ እየሾለከ የሰውን ፊት የነብር ቆዳ ያስመስለዋል። የሚሻለው የበረንዳ ጥላ ነው። ሰውየው ከጥላው ጠርዝ ገባ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሮ ይቁም።

ከሁሉ የበለጠ ያገኘነው ስቱዲዮ ግን የመማሪያ ክፍል በር ነው። ሰውየው ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ይመልከት፤ እኛ ከውጭ ሆነን እናንሣው፤ በሩን በሰውነታችን ላለመዝጋት ብቻ እንጠንቀቅ። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ፊቱን ለስለስ አድርጎ ያበራዋል፤ ከኋላው ያለው ክፍል ጨለም ስለሚል ሰውየው ጎልቶ ይወጣል። አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ወይም ነጭ ካርቶን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ ወደ ፊቱ ቢያዘነብል፣ ከአገጭና ከቅንድብ ሥር ያለው ጥላ ይሟሟል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ስትመደቡ ቢያንስ በርና አንሶላ አይጠፋም።

ነጠላና ካባ መሣሪያውን እንዴት እንደሚያታልሉት

አሁን ወደ ዋናው ስህተታችን እንምጣ። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ብልህ ይመስላል እንጂ በአንድ ነገር ሞኝ ነው። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል፤ ይኸውም የወደቀበትን ብርሃን 18 ከመቶ ያህል መልሶ የሚልክ ግራጫ ነው። ከፊቱ ነጭ ነገር ሲበዛ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ጥቁር ነገር ሲበዛ «ጨለመ» ብሎ ይጨምራል። ነጭ ነጠላና ነጭ ግድግዳ ሲያይ የእናትየውን ፊት አጨለመው። ካባ የለበሱ ልጆች ብቻቸውን ተጠጋግተው ሲነሡ ደግሞ በተቃራኒው ፊታቸው ነጥቶ ወጣ። መለኪያው አልተበላሸም። የተሠራበትን ሠራ። ፊት ማለት ምን እንደሆነ ልንነግረው ይገባን ነበር፤ አልነገርነውም።

አነጋገሩም እንዲህ ነው። በስልክ ከሆነ መስታወቱ ላይ የሰውየውን ፊት በጣት ነክቶ፣ መለኪያው እስኪቆለፍ ድረስ ጣትን ሳያነሡ መቆየት፤ ከዚያ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየገፉ ማስተካከል ነው። በካሜራ ከሆነ ነጭ ለበዛበት አንድ ደረጃ መደመር፣ ጥቁር ለበዛበት አንድ ደረጃ መቀነስ ጥሩ መነሻ ይሆናል። አዳዲሶቹ ስልኮች ፊትን ራሳቸው ፈልገው ለማግኘት ይሞክራሉ፤ ሆኖም ጠቆር ያለ ፊት ከነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም እነሱም ይሳሳታሉ። ሌላው ደግሞ፣ ያነሣነውን ፀሐይ ላይ ቆመን በትንሽ መስታወት አይተን «ጥሩ ነው» አንበል። ወደ ጥላ ገብተን፣ ፊቱን አጉልተን፣ ዓይኑ መታየቱን እናረጋግጥ። የዚያን ዕለት ይህን ብናደርግ ኖሮ እናትየው ሜዳው ላይ እያሉ ደግመን እናነሣቸው ነበር። የፈጀብን አንድ ደቂቃ ነበር።

በነገራችን ላይ የጠይም ፊት ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በፊልሙ ዘመን የቀለም ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉበት የናሙና ካርድ ነበር። ኮዳክ ለአሥርተ ዓመታት ባሰራጨው ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ነጭና ጥቁር ሰው አብረው ሲነሡ የጥቁሩ ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ኮዳክን ቡናማ ቀለምን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል፣ የገዛ ዕቃቸው በፎቶግራፍ በደንብ አልወጣ ያላቸው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ ይነገራል። ሰው ሲጮህ ያልተሰማው ለቸኮሌት ተሰማ! ጎግል እንኳ ፒክስል 6 የተባለውን ስልክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያወጣ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ያሳያል ብሎ እንደ አዲስ ነገር አስተዋውቋል። መሣሪያው ይሻሻላል፤ እስኪሻሻል ድረስ ግን ፊቱን በጣታችን እንንካ።

ስለ ቀሩት ሦስት ነገሮች፣ ማለት ስለ ሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ስለ መዝጊያው ፍጥነትና ስለ ብርሃን ተቀባዩ ንቃት ባጭሩ እንለፍ። ነገሩ እንደ እንጀራ ጋገራ ነው። እሳቱ ከበረታ ቶሎ ይነሣል፤ ከደከመ ምጣዱ ላይ ይቆያል፤ ሊጡ ከቀጠነ ደግሞ ባነሰ እሳት ይደርሳል። አንዱን ስትቀንሱ በሌላው ታካክሳላችሁ። ለሰው ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ዋናው ጥንቃቄ መዝጊያው ከአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሴኮንድ እንዳይዘገይ ነው፤ ከዘገየ ሰውየው ሲነቃነቅ ይደበዝዛል። የቀረውን በተግባር ትለምዱታላችሁ።

ስለ ሰውየውም አንድ ቃል። ብዙዎቻችን አዛውንት ፊት ቆመን «ይሳቁ እንጂ!» እንላለን። ተዉ። እማማም አባባም ለፎቶግራፍ ሲቆሙ ኮስተር የሚሉት ስለጨነቃቸው ላይሆን ይችላል፤ ክብራቸውን አስተካክለው መቆማቸው ነው። ነጠላቸውን የሚያስተካክሉበት ጊዜ ስጧቸው፤ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቋቸው። ትከሻቸው ሲላላ ያን ጊዜ አንሡ።

ዕቃ የለንም ለምንል

ፎቶ ቤት ለመክፈት የሚያስቡ ሰልጣኞች ሁልጊዜ የሚያነሡት የዕቃ እጥረትን ነው። የማሊውን የሰይዱ ኬይታን ታሪክ እንንገራቸው። ኬይታ አናጢ ነበር። በልጅነቱ አጎቱ ትንሽ የኮዳክ ካሜራ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ በቤተሰቡ ግቢ ስቱዲዮ ከፈተ። ለመጀመሪያው መጋረጃ ያደረገው የገዛ አልጋውን ልብስ ነው። በአብዛኛው የሚያነሣው በቀን ብርሃን ሲሆን፣ ፊልሙ ውድ ስለነበር ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው አንዴ ብቻ ነው። አንዴ ብቻ የሚያነሣ ሰው ከማንሣቱ በፊት ይጨነቃል፤ እጁን የት ያድርግ፣ ፊቱን በየት ይዙር፣ ልብሱ ምን ያህል ይታይ ብሎ ያስባል። እኛ በምረቃው ዕለት ለአንድ ሰው አሥር አሥር ጊዜ እየጫንን አንዱንም አላሰብንበትም።

ኬይታ ለደንበኛ የሚያውሰው ኮት፣ ሰዓት፣ ብዕርና ሬዲዮ ስቱዲዮው ውስጥ ነበረው፤ ሰው በፎቶግራፍ ውስጥ መሆን የሚፈልገውን እንዲሆን ያግዘው ነበር። በፎቶግራፉ ላይም የስሙን ማኅተም ይመታ ነበር። ማኅተሙ በየቤቱ፣ በየአልበሙ ዞረለት። ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ስቱዲዮውን ዘጋ። ፎቶግራፎቹ በዓለም ሙዚየሞች መታየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ እሱም በ2001 ዐረፈ።

እዚያው ባማኮ የነበረው ማሊክ ሲዲቤ ደግሞ ሌሊት በየጭፈራው እየዞረ ወጣቶችን ያነሣ ነበር። ሌሊቱን አጥቦ ትንንሽ ናሙናዎቹን በቁጥር አድርጎ ስቱዲዮው በር ላይ ያሳይ ነበር፤ ወጣቱም መጥቶ ቁጥሩን እየጠራ ያዛል። ሰሌዳ ማለት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራ የሚሰጠውን የወርቅ አንበሳ ሲሸለም ከፎቶግራፍ አንሺዎች የመጀመሪያው ነበር። የሁለቱም ሥራ የሚያሳየን ትልቅ ካፒታል አይደለም። ለሰው ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ሰው የሚፈልገውን፣ በተባለው ቀን ማድረስ ነው።

ትርፍ መስሎን የነበረው

ከምረቃው በኋላ ሂሳብ ስንተሳሰብ ገንዘብ ያዥዋ ደብተሩን ዘርግታ «ትርፉ የታለ?» አለችን። የለም። ምክንያቱን ለማሳየት ቀላሉን የጉርድ ፎቶግራፍ ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቁጥሩን ለስሌት ብቻ ያዙት።

አራት ጉርድ ለማሳተም 30 ብር ይፈጃል እንበል። ለደንበኛ በ50 ብር ስንሸጥ 20 ብር አተረፍን ብለን እንደሰታለን። ግን ማተሚያው ያለው ከተማ ነው፤ የ25 ሰው ፎቶግራፍ ይዞ ለመሄድና ለመመለስ 200 ብር ከተከፈለ ለአንድ ሰው 8 ብር ይደርሳል። ከ10 ሰው የአንዱ ተበላሽቶ እንደገና ይታተማል፤ እሱ ለእያንዳንዱ 3 ብር ይጨምራል። መሣሪያው 36,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ዓመት ቢያገለግል በወር 1,000 ብር እየበላ ነው ማለት ነው፤ በወር 100 ደንበኛ ካለን ለአንዱ 10 ብር። 30 ሲደመር 8፣ ሲደመር 3፣ ሲደመር 10፤ 51 ብር ሆነ። በ50 ብር የሸጥነው እንግዲህ በኪሳራ ነው። የእኛን ድካም ገና አልቆጠርነውም። ርካሽ ስለሆንን ሰው ይወደናል ብለን ነበር፤ መሣሪያው ሲሰበር ግን መጠገኛ ስናጣ ማንም አልወደደንም።

ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ መሣሪያው በየወሩ የሚበላውን ገንዘብ ለብቻው እናስቀምጣለን። ለዚህ ዕቁብ ገብተናል። እያንዳንዱ ደንበኛ ስሙ፣ የከፈለው ቀብድ፣ ቀሪውና የሚረከብበት ቀን በደብተር ይጻፋል፤ ወረቀትም ይሰጠዋል። ቀጠሮው ሐሙስ ከሆነ ማተሚያ ቤቱን ረቡዕ ጨርስልን እንላለን፤ መብራት ቢጠፋ አንድ ቀን ይተርፈናል። ያነሣነው በዚያው ዕለት በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ደንበኛው እስኪረከብ ድረስም ከካርዱ አይሰረዝም። በኋላ ተመርቃችሁ ፎቶ ቤት የምትከፍቱ ደግሞ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣታችሁን አትርሱ።

ተማሪ ደንበኛ ሲሆን

በክበባችን ብዙ ያከራከረን ጉዳይ ይህ ነው። የገጠር ልጆች ለፈተና ምዝገባ ጉርድ ሲጠየቁ ከተማ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። እዚያው ያለው መምህር ቢያነሣቸው መንገዱን ያተርፍላቸዋል፤ ራሱም ትንሽ ይደጎማል። ገሚሶቻችን «ምን ክፋት አለው?» አልን። አንዲት አባላችን ግን እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ አንድ ልጅ ከተማ ያለው ዘመዱ በነፃ ሊያነሣው እየቻለ፣ መምህሩ ጋ ካልተነሣሁ ማርክ ይቀነስብኛል ብሎ ቢፈራስ? ልጁ ፈርቶ የሚከፍለው ገንዘብ ምን ይባላል?

መልስ አጣን። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። መምህሩ ሥራውን የሚሠራው ትምህርት ቤቱና የወላጅ ኮሚቴው አውቀውት፣ ዋጋው በሰሌዳ ተለጥፎ ነው፤ ገንዘቡን በክፍል ውስጥ አይቀበልም፤ ማን ተነሣ ማን አልተነሣ የሚለውን ስም ዝርዝር የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ መክፈል ለማይችል ልጅም ኮሚቴው የሚወስነው ቁጥር በነፃ ይነሣል። የልጆች ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አይወጣም። ይህ ካልተሟላ ልጁ ከተማ ቢሄድ ይሻላል የሚለው የብዙኃኑ አቋም ነው። ሁለት አባላት አሁንም አልተስማሙም፤ ሐሳባቸውን በሚቀጥለው ዕትም ጽፈው ያቀርባሉ። የመምህራን አስተያየትም ቢጨመርበት ደስ ይለናል።

የተግባር ልምምዱ ሐሙስ ከቀኑ በ10 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ይጀመራል። ስልክ ያለው ስልኩን፣ የሌለው ራሱን ይዞ ይምጣ፤ አንሶላ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልገናል። እያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድን ሰው ሦስት ቦታ ያነሣል፦ ሜዳ ላይ፣ በረንዳ ላይና በር ውስጥ። በሦስቱም ቦታ አንዴ ፊቱን ሳይነካ፣ አንዴ ነክቶ ያነሣል። የሚነሣው ሰው ነጭ ነጠላ ቢለብስ ይመረጣል። ስድስቱም ፎቶግራፎች፣ የተበላሹትም ጭምር፣ በቁጥር ተደርገው እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ።